ፊልም ማየት የጀመርኩበት ዓመት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ መምህሩና ስለ ኪነ ጥበብ ንግግር እንዳደርግ በተጋበዝኩ ጊዜ ርእሱን እጅግ ሰፊ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በማስታወሻ ደብተሬ ወደያዝኩት አንድ ጠባብ ጉዳይ ማዘንበልን መርጫለሁ። ይኸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ስመለከት ያሳለፍኩት የአንድ ዓመት ትዝብት ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባሉ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ሳስተምር 26 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ልብ ወለድ አንብቤአለሁ፤ በትምህርት ቤት መድረክ ቴያትር አዘጋጅቻለሁ፤ ቅኔ ከሚዘረፍበት ጉባኤም ተቀምጫለሁ። አንድ ፊልም ከመነሻው እስከ መድረሻው ያየሁት ግን በ2016 ዓ.ም. ነው። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ለማፈርም አይደለም። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል የእኔን የመሰለ ታሪክ ያለው ሰው ጥቂት እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው።

ዓመቱ እንዴት ያለ ዓመት እንደነበረ ለዚህ ጉባኤ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ መምህሩ ከሰሌዳው፣ ተማሪውም ከመጽሐፉ ተለያይተው ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰው ሁሉ በጊዜ ይከተታል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም አልነበረም። በዚህ መካከል የእኅቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ ሲመለስ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ፊልም የሞላበት ሃርድ ዲስክ ትቶልኝ ሄደ። መብራት ሲኖር ባትሪውን እሞላለሁ፤ ባትሪው ሲያልቅ ፊልሙ ከመንገድ ይቀራል፤ ቀሪውን በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ አያለሁ። የማስተምረው ተማሪ ስላልነበረኝ፣ ከመምህርነት ልማዴ የተረፈኝ ደብተር መያዝ ብቻ ነበርና፣ ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ገጽ መደብኩ። በገጹ ላይ ሦስት ነገር እጽፍ ነበር፤ ያየሁትን፣ ያልገባኝንና ተማሪዎቼ ቢኖሩ ኖሮ የምጠይቃቸውን። በዓመቱ መጨረሻ ገጾቹ 39 ሆነው አገኘኋቸው።

ከ39ኙ ሁሉ ለመናገር ጊዜውም አይበቃም፤ ሁሉም ሊነገርለት የሚገባ አይደለም። ጥቂቶቹን ብቻ አነሣለሁ። አስቀድሞ ግን ፊልም ለምን ይህን ያህል ዘግይቶ ደረሰን የሚለውን ጥያቄ በአጭሩ መመልከት ይገባል።

ፊልም ወደ አገራችን የገባው ዘግይቶ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ደርሶ ነበር። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤትም ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው የታወቀ ነው። ኋላም ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ ሲኒማ ራስ፣ አምባሳደር እየተባሉ በየሰፈሩ ቆሙ። በ1957 ዓ.ም. እላላ ኢብሳ የደረሱትና ላምብሮስ ጆካሪስ የተባሉ የግሪክ ተወላጅ ያዘጋጁት «ሂሩት አባቷ ማነው?» የመጀመሪያው የአማርኛ የታሪክ ፊልም ሆኖ ወጣ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተከተለ፤ ይህም በኦሮሞ ባህል የደም ካሣን ሥርዓት መነሻ ያደረገ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚሰጠው የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ጥበቡ በአገር ውስጥ ነበረ። ያልነበረው መንገዱ ነው።

ስለ መንገድ ከተነሣ ስለ መብራት ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ዓላማውም ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ለከተማዋ ኃይል መስጠት ነበር። ሽቦው ከገበሬው ማሳ በላይ አልፎ ሄደ፤ በዚያ ጢስ ሥር የሚኖረው ገበሬ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያመሸው በኩራዝ ነው። ፊልም ደግሞ ያለ መብራት አይታይም። ስለሆነም የእኛ አገር ሰው ታሪክን በዐይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ሲያይ ኖረ። ዋናው ምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የሚጀምረው ከእኛው ከማንኩሳ ነበር፤ የማንኩሳ ሰው ግን መጽሐፉን በብዛት ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ ነው። እኔም ሰብለ ወንጌልን መጀመሪያ ያየኋት በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው። ዛሬ እንኳ መልኳን ንገረን ብትሉኝ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ኋላም በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በየከተሞቻችን ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። ባለ አንድ ቴሌቪዥን ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በመስኮቱ ላይ የተጋረደ ብርድ ልብስ፤ የሚታየውም ካራቴና የሕንድ ፊልም ነበር። ተማሪ ከክፍል እየጠፋ ይገባበት ስለነበረ በትምህርት ቤቶቻችን አካባቢ ስሙ አልተወደደም። እንዲህ ሆኖ ፊልም በአንድ በኩል የአዲስ አበባ፣ በሌላ በኩል የጠፋ ተማሪ ነገር ሆኖ ቀረ። የገበሬው ልጅና የገበሬው ልጅ መምህር በቁም ነገር ተቀምጠው የሚያዩት ነገር ሳይሆን 2016 ዓ.ም. ደረሰ።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ።

ፊልም ማየት እንደ ንባብ ሁሉ የሚለመድ ነገር መሆኑን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተረዳሁ። ሕፃን ሆኖ የጀመረ ሰው ይህን አያስተውለውም፤ በጎልማሳ ዕድሜው የጀመረ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ያውቀዋል። ጎረቤቴ አንድ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። አንድ ማታ አብረውኝ ሲመለከቱ በፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ ታየ፤ ወዲያው ደግሞ በሩቅ ከተማ አደባባይ ቆሞ ተገኘ። መሪጌታ ወደ እኔ ዞር ብለው፣

«ቆይ እስቲ መምህር፤ መንገዱን ማን ሄደለት?» አሉኝ።

«መንገዱን እርስዎ ነዎት የሄዱለት፤ በልብዎ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እንግዲያስ እንደ ቅኔ ነዋ፤ የተዘለለውን ሰሚው ይሞላዋል» አሉ።

ይህ አነጋገር ደስ ስላሰኘኝ ለብዙ ቀናት ፊልምም ሰምና ወርቅ አለው እያልኩ በደብተሬ እጽፍ ነበር። ነገር ግን ንጽጽሩን በራሳቸው አንደበት የገደቡት እኚሁ መሪጌታ ናቸው። ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ የሚያርሱ በሬዎች ለረጅም ጊዜ የሚታዩበትን አንድ ፊልም አብረን ስናይ፣ «በቅኔ በሬ ብዬ ሰው ማለት እችላለሁ፤ እዚህ ግን በሬው ራሱ ደክሟል» አሉኝ። ከ39ኙ ገጾች ሁሉ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበልጥብኛል። ቃል ነገሩን ይወክላል፤ ፊልም ግን ከመወከሉ አስቀድሞ ነገሩን ራሱን፣ ከላቡና ከትንፋሹ ጋር ያቀርባል። ወርቁን የሚፈልግ ተመልካች በመጀመሪያ የበሬውን ድካም ማየት አለበት። ይህን ያላየ ተማሪ ስለ ፊልሙ ምሥጢር ቢያወራ ከሌላ ሰው የሰማውን መድገሙ ነው።

በሬዎቹ የታዩበት ያ ፊልም የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ናቸው፤ ፊልም የተማሩት በአሜሪካ ነው። ይህን ሥራቸውን የቀረጹት አሮጌው ሥርዓት ሲፈርስ አዲሱም ሳይጸና በነበረው አጭር ጊዜ ውስጥ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ሲነጋ ይነሣል፣ ያርሳል፣ ይለቅማል፣ ይሸከማል፤ ባለ መሬቱ ከፍ ባለ ስፍራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል፣ ይሳደባል። ከብት የምትጠብቀው ልጅ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ ታያለች። መሬቱን የተነጠቀውና እብድ የሚባለው ከበበ የሚናገረው ግን ጤነኞቹ ሊናገሩት የፈሩትን ነው፤ በመጨረሻም ባለ መሬቱን ይገድላል።

ችኩል ሰው ይህን ፊልም አይወደውም። አንድ ሰው ኮረብታ ሲወጣ ከሥር እስከ ጫፍ ያሳየናል። እኔም መጀመሪያ ላይ ለምን አያሳጥረውም ብዬ በደብተሬ ጽፌ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ማስታወሻ፣ «ኮረብታውን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን አይጠይቅም» ይላል። ተማሪዎቻችን በየቀኑ አንድና ሁለት ሰዓት በእግራቸው እየተጓዙ ወደ ክፍላችን ይመጣሉ። ይህን ርቀት በርቀትነቱ ያሳየኝ ሌላ ሥራ፣ በጽሑፍም ቢሆን፣ ብዙ አላገኘሁም።

ይሁን እንጂ ፊልሙን ዝም ብለን ተቀብለነው አላለፍንም። መሪጌታ፣ «በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጭሰኛ በብዛት አልነበረም፤ እኛ የፈራነው ቀላዱን ነበር» አሉ። ይህ አስተያየት ትክክለኛ የታሪክ መሠረት አለው። በጐጃም መሬት በብዛት ርስት ነበር፤ ገበሬው ድርሻውን ከእናቱና ከአባቱ የዘር ሐረግ እየቆጠረ ይይዘው ነበር። ከመንግሥት ጋር ያጣላውም የባለ መሬት ኪራይ ሳይሆን ልኬትና ግብር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ የመሬት ልኬት ርስቱን የሚያስነጥቅ መስሎ ስለታየው፣ የጐጃም ገበሬ መሣሪያ እስከ ማንሣት ደረሰ። መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን እስከ ማዝመት ሄደ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴም ከዚያ ተነሡ። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚገባውን ፊልም አላገኘም። እንግዲህ «ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለው ርእስ የአገሪቱን ገበሬ ሁሉ በአንድ ቀንበር ሲያስገባ፣ የምዕራብ ጐጃም ተመልካች፣ «የእኔ ቀንበር ሌላ ነበር» ለማለት መብት አለው። ፊልሙን ያየ ሰው ብቻ ግን ነው ይህን ሊል የሚችለው።

ከዚህ ላይ ነው የንግግሬ ዋና ሐሳብ ያለው። ይህ ፊልም በ1968 ዓ.ም. በካንና በሎካርኖ የፊልም ትርኢቶች ታይቷል፤ የውጭ አገር ሊቃውንት በየመጽሐፋቸው ጽፈውለታል። ቋንቋው የሚገባው፣ በሬውን የሚያውቅ፣ ስድቡን በጆሮው የሰማ ገበሬ ግን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ሊያየው አልቻለም። ስለ ገበሬው የተሠራውን ፊልም ከገበሬው በቀር ሁሉም አይቶታል ለማለት ይቻላል። የኪነ ጥበብ ሥራ ደግሞ ከባለ ጉዳዩ ዘንድ ደርሶ እሺታውንም እምቢታውንም እስካልሰማ ድረስ ሥራው አልተፈጸመም።

ተመሳሳይ ነገር በወንዛችንም ላይ አይቻለሁ። በ1996 ዓ.ም. ፓስኳል ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ፤ ጉዞውም በፊልም ተነሥቶ በታላላቅ መጋረጃዎች ላይ ለዓለም ታየ። ፊልሙ እጅግ ያማረ ነው፤ ወንዙ በዚያ ድፍረት ሲጋለብ ማየት ያስደንቃል። ሆኖም የወንዙ ዳር ነዋሪ በዚያ ውስጥ አላፊ አግዳሚ ነው። ስለ ግሽ ዓባይ ጠበል፣ ስለ ዓባይ ዘፈንና ለቅሶ የሚያውቀውን የጠየቀው የለም። ይህን የምለው እንግዶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱ የመጡት ለውኃው ነው፤ ያንንም በሚገባ ፈጽመዋል። ስለ ሰዉ መናገር የእኛ ድርሻ ነበር። ከዚህም ጋር አንድ ጥቅም አለ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ከተመረቀ በኋላ ውኃው ወደ ማመንጫው በሚዞርባቸው ዓመታት ፏፏቴው በበጋ እጅግ ሲሳሳ አይተናል። የቀድሞውን ሙላት ያላየ ልጅ የሚያገኘው ከፎቶግራፍና ከፊልም ብቻ ነው። ፊልም በዚህ ረገድ መዝገብ ነው።

ከሌላው ዓለም ካየኋቸው ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራው የሕንዱ «ማዘር ኢንዲያ» ነው። ባሏ የተለያት እናት የአራጣ አበዳሪ ዕዳ ተጭኗት፣ በሬ ስታጣ ራሷ ቀንበር ተሸክማ ታርሳለች። የኃይሌ ገሪማን የልጅቱን ሕልም ካየሁ በኋላ ይህን ሳይ፣ ሰውን ከቀንበር ሥር የማየት ሐሳብ በሁለት የሩቅ አገሮች መወለዱ አስገረመኝ። በአንደኛው ሕልም ነው፤ በሌላው ውን ነው። ሁለተኛው የሴኔጋላዊው ዑስማን ሴምቤን «ማንዳቢ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በወሎፍ ቋንቋ የተሠራ ነው። አንድ የቤተ ሰብ ኃላፊ ከፓሪስ በፖስታ ቤት ገንዘብ ይላክለታል፤ ገንዘቡን ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያው የልደት ማስረጃ፣ ለማስረጃው ሌላ ማስረጃ። ባለቤቴ ይህን ስታይ እየሳቀች፣ «ይኼ ሰውዬ የእኛን ቢሮ የት ያውቀዋል?» አለች። በመጨረሻ ግን አልሳቀችም፤ ሰውየው ገንዘቡንም አላገኘም፤ ተስፋ ያደረገው ሁሉ ዕዳ ሆነበት። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው የጣልያኑ «የቢስክሌት ሌቦች» ነው። ዋናው ተዋናይ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ በሙያው ተዋናይ አልነበረም። አባት በልጁ ፊት ሲዋረድ የልጁን ፊት የሚያሳየው ክፍል፣ ለመምህር ብዙ የሚነግረው ነገር አለ፤ እኛም በየቀኑ የምናየው የወላጁን ጭንቀት በልጁ ፊት ላይ ነውና።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ሙያችንን በቀጥታ የሚነካው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ታላላቅ ሽልማቶች ያገኘ ነው። አንበርብር የተባለው ምሁር በጀርመን አገር ተምሮ፣ በአብዮቱ ጊዜ አገሩ ገብቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ አካሉ ጎድሎ ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ። የተማረው ሁሉ ለእናቱና ለመንደሩ ምን እንደሚፈይድ ፊልሙ ደጋግሞ ይጠይቃል። በመጨረሻ የሚሰጠው መልስ ትልቅ አይደለም፤ አንበርብር የመንደሩን ልጆች ያስተምራል። የራሴ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ይህን መጨረሻ ማየት ቀላል አልነበረም። ደራሲው መምህርነትን እንደ ድል ዘውድ አላስቀመጠውም፤ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚቀር ሥራ አድርጎ ነው ያሳየው። እኔም እንደዚያው ተቀበልኩት።

«ድፍረት» ሌላ ዓይነት ክርክር አስነሣ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጁት ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1996 ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበትን እውነተኛ ጉዳይ መነሻ ያደረገ ነው። ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል። ፊልሙን ከባለቤቴና ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር አየነው፤ ሲያልቅ ስለ ፊልሙ የተናገረ አልነበረም፤ እያንዳንዳቸው በልጅነት ስለ ተዳረች አንዲት ዘመድ ተናገሩ። በሰላሳ ዓመት ገደማ የሴት ተማሪ ማቋረጥን በስብሰባ አጀንዳ ብዙ ጊዜ አንሥተነዋል፤ እንደዚያች ምሽት ግልጽ ወሬ ግን ሰምቼ አላውቅም። ፊልሙ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሊታይ ሲል ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ባነሣችው ጥያቄ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቋረጡም ሊዘነጋ አይገባም። የሰውን ታሪክ መናገር ያለ ባለ ታሪኩ ፈቃድ እንዴት ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለተማሪዎቻችን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ስለ ፊልም ኃይል ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው የወሎ ረኀብ ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ። ይኸው ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ግን የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ በረኀብተኛው ምስል መካከል እየተሰካ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ግን የአቀናባሪው ሥራ ነው፤ ትርጉሙም የተወለደው ከመጋጠሚያው ላይ ነው። መሪጌታ «መንገዱን ማን ሄደለት?» ያሉት ጥያቄ ከዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምስሎቹን ማን አጋጠማቸው? ለምንስ?

ይህን ጥያቄ ዛሬ የሚያስፈልገን ከምንጊዜውም በላይ ነው። ልጆቻችን ምስል ያላዩ አይደሉም፤ በእጅ ስልካቸው ከእኛ እጅግ የሚበልጥ ምስል ያያሉ። የሚያዩት ግን መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው፣ ከየት እንደተቆረጠ የማይታወቅ ቍራጭ ነው። በአስጨናቂ ጊዜ እንዲህ ያለ ቍራጭ ሰውን ከሰው ሲያጋጭ አይተናል። ሙሉ ፊልም ተቀምጦ ማየትን የለመደ ልጅ፣ ቍራጩን ሲያይ የጎደለውን ይፈልጋል። ይህ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የዜግነትም ትምህርት ነው።

ስለሆነም ከአቅማችን ያልራቁ ሦስት ሐሳቦችን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መብራትና አንድ ፕሮጀክተር ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ በወሰነ ትምህርት አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ፊልም ለተማሪዎች እንዲታይ ይሁን። ቀን ክፍሉን በጋቢና በብርድ ልብስ ማጨለም ይቻላል። ከፊልሙ በፊት አጭር መግቢያ፣ ከፊልሙ በኋላ ደግሞ ረዘም ያለ ውይይት ይኑር። ቅኔ ያለ መምህር እንደማይዘለቅ ሁሉ ፊልምም ያለ ወሬ አይዘለቅም። ወላጆችም ቢጋበዙ መልካም ነው፤ በእኔ ቤት የተሻለውን አስተያየት የሰጡት ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ፊልሞቹ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ሳይሆን በባለቤቶቻቸው ፈቃድ እንዲደርሱን ማኅበራችን ከፊልም ሠሪዎች ጋር ይነጋገር። ደራሲ መጽሐፉ ሲሰረቅ እንደምንቆረቆር ለፊልም ሠሪውም መቆርቆር ይገባናል። ለትምህርት ቤት ብቻ የሚሆን ፈቃድ ለማግኘት አንድ መምህር ብቻውን ከሚጠይቅ ማኅበር ቢጠይቅ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ተማሪው በያዘው ስልክ የአካባቢውን አዛውንት እንዲቀርጽ እናስተምረው። ስለ 1960ው የግብር ጊዜ በዐይናቸው ያዩትን የሚናገሩ ሰዎች ዛሬም በየቀበሌው አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። ጥያቄውን መምህሩ ያዘጋጅ፤ ፈቃዱን ተማሪው ይጠይቅ፤ የተቀረጸውም ሳይቆራረጥ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። ፊልም ለመሥራት የሚመጣ ሰው ወደፊት ይመጣ ይሆናል፤ ባይመጣም መዝገቡ የእኛ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

እነዚህ ሐሳቦች ሰላምንና ክፍት ትምህርት ቤትን እንደሚሹ አውቃለሁ። መምህሩ በደመወዙ ወሩን ለመድረስ በሚጨነቅበት ጊዜ ስለ ፊልም መናገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖርም አይፈረድበትም። በበኩሌ ግን ክፍሌ በተዘጋበት ዓመት ያቺ ትንሽ መስኮት አስተማሪነቴን ጠብቃልኛለች። በደብተሬ ሦስተኛ ዓምድ ላይ ለተማሪዎቼ የጻፍኳቸው ጥያቄዎች ከመቶ በላይ ሆነዋል፤ ገና አልተጠየቁም። ትምህርት በተጀመረበት አካባቢ የምትገኙ ሁሉ እንድትወስዷቸው ደብተሩን ገልብጬ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቤአለሁ።